ለሽማግሌ የተባለ አሜን

ፖርቱጋልን አልወዳትም። አይቻት አላውቅም፤ ማየትም አልፈልግም፤ ሕዝቧም አንድ ቀን ክፉ አላደረገኝም። ቢሆንም ስሟ ሲነሣ ደሜ ይፈላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ኖራለች። ከእኛ ጋር ቁርስ ትበላለች፣ ከእኛ ጋር ዜና ታያለች፣ ኋላ ኋላ በእኔና በባሌ መሀል ገብታ መተኛት ጀመረች። ጣውንት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ ከቤቴ አስወጣት ነበር። አገርን በምን ይዘው ያስወጡታል?

ነገሩ የጀመረው ኮሮና ቤት የዘጋብን ሰሞን ነው። ደቡብ አፍሪካ ነው የምንኖረው፤ ጆበርግ ጭር ብላለች። መንገድ ላይ ወታደር ቆሞ "ወዴት ነሽ?" ይላል፤ ሲጋራና ቢራ መሸጥ ክልክል ሆኗል። እኔ መሀል ከተማ ጄፒ መንገድ ላይ፣ የእኛ ሰዎች ተደራርበው ከሚነግዱባቸው ፎቆች በአንዱ፣ መጋረጃና አልጋ ልብስ እሸጥ ነበር። ሱቄ ተዘጋ። ባሌ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ያስተምራል፤ እሱ ከመኝታ ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ማስተማሩን ቀጠለ። ግን የጡረታው ዓመት ነበርና ልቡ ከሥራው ከወጣ ቆይቷል። ትምህርቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ አይዘጋም። ቪዲዮ ያያል።

ቪዲዮው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት፣ ፊታቸው እንደ ቲማቲም የቀላ፣ ቁምጣ ለብሰው ነጭ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ይበላሉ። ኑሮው ርካሽ ነው ይላሉ፣ አየሩ ግሩም ነው ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ። አለቀ። ከዚያ ሌላ ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ ዓሣው ያው ነው።

"እስቲ ነይ እዪ" ይለኛል።

አላይም። ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

"ፀሐይ አለ።"

"እዚህስ አናታችንን የሚጠብሰው ምንድን ነው? ኩራዝ ነው?"

"ሕክምናው ርካሽ ነው።"

"ታዲያ ሄደህ ታመማ።"

"መብራት አይጠፋም።"

እዚህ ላይ እሸነፋለሁ፤ እውነቱን ነዋ። በእኛ ሰፈር መብራት በሰዓት እየተደለደለ ይጠፋል። ሎድ ሸዲንግ ይሉታል፤ ስም ስላወጡለት የጠገኑት ይመስላቸዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል አንድም ቀን "አንቺስ ምን ትያለሽ? መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አላለኝም። "እንሄዳለን" ይላል። "እዚያ ስንገባ" ይላል። እኔን እንደ ማቀዝቀዣው ከዕቃው ጋር ቆጥሮኛል። ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት "ቦም ዲያ!" እያለ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ በአማርኛ "እንዴት አደርክ" ብዬ ፊቴን አዞራለሁ። ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሲቀረን ሰላምታችን በሁለት ቋንቋ ሆነ።

አልዋሽም፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እሱ ሲያሸልብ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ብቻዬን አየሁ። አንዲት ሴትዮ ወጥ ቤቷን ታሳያለች። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ከመስኮቱ ማዶ ባሕር ይታያል። ሁለቴ አየሁት። ከዚያ ዘግቼ ቦታው መለስኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከቤታችን ጥግ ዳቦ ቤት ያላቸው አዛውንት ፖርቱጋላዊ ናቸው። ልጅ ሆነው ከአንዲት የፖርቱጋል ደሴት በመርከብ ተጭነው የመጡ፣ ስልሳ ዓመት ዱቄት ሲያቦኩ የኖሩ ሰው። መንገዱ ትንሽ ሲከፈት ማስኬን አድርጌ ዳቦ ልገዛ ሄድኩና ጠየቅኳቸው። እጃቸውን አራገቡ። "እኅቴ እዚያ ናት። ክረምት ሲገባ ቤቷ ውስጥ ካፖርት ለብሳ ነው የምትቀመጠው። ቤቱ ማሞቂያ የለውም፣ ግድግዳው ላብ ያልበዋል" አሉኝ። እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኩት።

"እሱ አላዋቂ ነው" አለ ባሌ።

"የተወለደበትን አገር ከአንተ ቪዲዮ ይማር?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የእኔ ሰውዬ ሁለቱንም ነበር፤ ወረቀቱም ነበረው። ለፖርቱጋል ብቻ የተለየ ፋይል ገዝቶ የጡረታውን ደብዳቤ፣ የባንኩን፣ የፖሊሱን፣ የጤናውን እየደረደረ ያስገባል። "እኔ ቀድሜ እገባለሁ፣ አንቺ ኋላ ትከተያለሽ፤ ሕጉ እንደዚያ ይቀላል" አለኝ። እንግዲህ የእኔ ዕድል በሕጉ ቅለት ተወሰነ። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ ከቤቱ ሽያጭ ነው የሚመጣው።

ቤቱ! እሱ ሲነሣ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው። ኬንሲንግተን በሚባል ሰፈር ያለ አሮጌ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው፤ ወለሉ ሳንቃ፣ ሲረግጡት የሚያቃስት። እሱ ዶክትሬቱን ሲማር እኔ አልጋ ልብስ ተሸክሜ ሎኬሽን ለሎኬሽን እዞር ነበር፤ ሎኬሽን የምንለው የጥቁሮቹን ሰፈር ነው። ክሊፕታውን በእግሬ ያልገባሁበት ግቢ የለም። ቮስሎሩስ ውሻ ነክሶኛል። በዙሉ "ሳውቦና ማማ" ብዬ ሰላም እያልኩ በር አንኳኩቼ፣ የሴቶቹን ቋንቋ ከደጃፋቸው ለቅሜ፣ ያን ቤት ገዛን። ስንገዛው በሁለታችን ስም ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባን ለቅቄ፣ ናይሮቢን ለቅቄ ነበር የመጣሁት። ከተማ መማር ይደክማል። የትኛው ታክሲ የት እንደሚያወርድ፣ የትኛው ሥጋ ሻጭ እንደሚያጭበረብር፣ ሲታመሙ ማንን እንደሚጠሩ። ሦስተኛውን ተምሬ ጨርሻለሁ፤ አራተኛውን በማላውቀው ቋንቋ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ? ኧረ በሕግ አምላክ!

ከዚያ የዝርፊያው ሳምንት መጣ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ታሰሩ ተብሎ ከተማው ታመሰ፤ ሱቅ እየተሰበረ ማቀዝቀዣ በጀርባ ተጭኖ ሲሄድ በቴሌቪዥን አየን። የእኔም በር ተሰበረ። ግማሹን መጋረጃ ወሰዱት። ገብቼ ባዶውን መደርደሪያ ሳይ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ባሌ ከኋላዬ ቆሟል። አይዞሽ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ "ይኸው!" አለኝ። በቃ፣ "ይኸው!" ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አላወጣሁለትም።

ዝም ስለው ሽማግሌ ጠራ።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ "ሽማግሌዎች ሊያነጋግሩን ነው፣ ልበሺ" አለኝ።

"በምን ጉዳይ?"

"በጉዳያችን።"

ሰው መሰብሰብ አይቻልም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በስክሪን ነው። ከላይ ቀሚስና ነጠላ፣ ከታች የቤት ሱሪዬንና ሸበጤን አድርጌ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሦስት ሳጥን ተከፈተ። አንደኛው የባሌ አጎት ናቸው፣ ከአዲስ አበባ፤ ኔትወርኩ እየተቆረጠ አፋቸው እንደተከፈተ ይደርቃሉ። ሁለተኛው የእዚህ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሦስተኛው፣ ትልቁ ሽማግሌ፣ ከፕሪቶሪያ፤ የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ነው። እኒህ ሰው ለትዳር እኔን ሊጠይቁ አባቴ ቤት የመጡት ናቸው። ያን ጊዜም ቢሆን ባሌ ራሱ አልጠየቀኝም፤ እሳቸውን ላከ። ከጋብቻችን ጀምሮ አባት ሆነውኛል። ከእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

ወትሮ ሽማግሌ ሲቀመጥ ባልን ለብቻ፣ ሚስትን ለብቻ ይሰማል። ሚስቲቱን ወደ ጓዳ ወስደው "እስቲ ልጄ፣ የሆድሽን ንገሪን" ይላሉ፤ ያን ጊዜ ነው እውነቱ የሚወጣው። አሁን ግን ኮምፒውተሩ አንድ፣ ጉልበቴ ከጉልበቱ ገጥሞ፣ በምን ጓዳ እገባለሁ? "እሱ ይውጣልኝ" ማለት ደግሞ ቤቴን በሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ክትባት የለውም።

"ልጄ፣ ባልሽ ደክሟል" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "አንቺም ደክመሻል። ሱቅሽንም ሰበሩት። በስተርጅና ጥሩ አየር፣ ጥሩ እረፍት ቢገኝ ምን ይጎዳል?"

"ጋሼ፣ እኔ..."

"አዎ! አዎ! ይባርካችሁ!" አሉ አጎትየው ከአዲስ አበባ፤ ለየትኛው ንግግር እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

"ትንሽ ላስብበት" አልኩ።

"አስቢበት፣ ደግ ነው። እስከዚያው እንመርቃችሁ" አሉ።

ከባሌ ጋር ብድግ አልን። እሳቸው መመረቅ ጀመሩ፤ ግንባራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ማይኩን ዘግተውታል። እኛም በግምት አሜን አሜን አልን። ሰብሳቢው "ጋሼ፣ አይሰማም" ሲሏቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። "የሄዳችሁበት ይቅናችሁ!" አሜን። "ቤቱን ቅን ሰው ይግዛው!" አሜን። "የዚያን አገር ፀሐይ ለጤና ያድርግላችሁ!" አሜን። እኔም አልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ለስክሪን። አንድ ሽማግሌ እየመረቀ አሜን የማይል ሰው የት ተወልዶ ያውቃል?

ሰኞ ከሱቅ ስመለስ አጥሬ ላይ "ይሸጣል" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘሁ።

ምን ያህል እንደጮህኩ አልናገርም፤ ጎረቤት ሰምቷል። እሱ በር ላይ ቆሞ "ተመርቀሽ፣ አሜን ብለሽ!" ይለኛል፤ የተበደለው እሱ ነው። ሰሌዳውን ነቅዬ ጋራዥ ውስጥ ወረወርኩት፤ በማግስቱ መልሶ አቆመው። ፕሪቶሪያ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አልተስማማሁም።"

"አሜን ብለሻል እኮ፣ ልጄ።"

"ለምርቃቱ ነው!"

"ምርቃቱስ ምን ነበር?" አሉኝ።

የጄፒን ኪራይ ሰብሳቢ ከነጋሻ ጃግሬው ያባረርኩ ሴት፣ ፖሊስ ዕቃዬን ሊወስድ ሲመጣ መጋረጃው ላይ የተቀመጥኩ ሴት፣ ለአንድ ግንባር ስድስት ጊዜ አሜን ብዬ ቤቴን ሸጥኩ። በእሳቸው ተናደድኩ፣ በባሌ ተናደድኩ፣ በራሴ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተናደድኩ። ኬፕታውን ያለችው ልጃችን ስትደውል እንኳ "ማሚ፣ ስድስት ወር ትራይ አድርጊው" ብትለኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ጦርነት ነው። ወጥ ሠርቼ ምድጃው ላይ ትቼለት ወደ ክፍሌ እገባለሁ። ቤት ሊያዩ የሚመጡትን ደግሞ እኔ ነኝ የማስጎበኛቸው፤ ደስ እያለኝ። ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ፣ ቧንቧው መቼ እንደፈነዳ፣ ሌባ በየትኛው አጥር እንደዘለለ አንድ በአንድ አሳያለሁ። ባሌ ከኋላ እየተከተለ ጥርሱን ያፋጫል። ብዙዎቹ አመስግነው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

አንድ ቀን ከክሊፕታውን ወጣት ባልና ሚስት መጡ። ሚስቲቱ አስተማሪ ናት፤ ስለ ጣሪያው ስነግራት "እናስጠግነዋለን" አለች፣ ስለ ቧንቧው ስነግራት "እናስቀይረዋለን" አለች። ጠላኋት። ወጥ ቤቱን ሲያዩ እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። እዚያ ባልየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኡያይታንዳ?" አላት። ዙሉ ከሎኬሽን በር ላይ ተምሬያለሁና ገባኝ። ወደድሽው ወይ ነው ያላት። ዝም ብላ ስታስብ ደግሞ ጠበቃት። የሰው ባል ነው፣ የሰው ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ገዛነው አሉ።

የባሌ ቪዛም መጣ። ቀረ የሚባለው የእኔ ፊርማ ነው። አንዴ አሜን ብያለሁና፣ ሽያጩን የምታዋውለው ጠበቃ ቢሮ ተከትዬው ሄድኩ። ጠበቃዋ ለጋ ወጣት ናት፤ በእኛና በእሷ መሀል ፕላስቲክ ተጋርዷል። ባሌ ፈረመ፤ ፊርማው እንኳ ደስ ብሎታል። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ "ቤቱን የምትሸጪው በራስሽ ፈቃድ ነው?" አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራዋ ነው፤ ለማንም የምትለውን ነው ያለችኝ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ ሲያልፈው የኖረውን ጥያቄ ከማላውቃት ልጅ ሰማሁ።

"ኖ" አልኩ።

"ሶሪ?" አለች፣ ማስኩ አፍኖኝ መሰላት።

"ኖ። አልሸጥም።"

"ምን ነካሽ? በሰው ፊት?" አለ ባሌ በአማርኛ። ጠበቃዋ አማርኛ አታውቅም፤ ቢሆንም ብዕሯን አስቀምጣ ፋይሉን ዘጋች።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ሞተሩን አላስነሣም። ቢጫ ሰደርያ የለበሰው መኪና ጠባቂ ከኋላ "ኑ፣ ኑ" እያለ በእጁ ይጠራናል፤ እኛ አንንቀሳቀስም።

"በሽማግሌ ፊት ቃል ገብተሽ!"

"ሽማግሌው ናቸው የመረቁት፣ ለሳቸው ነው አሜን ያልኩት። አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?"

"እንዴት አልጠየቅኩሽም?"

"መቼ? በል ቀኑን ንገረኝ።"

አሰበ። አውቀዋለሁ፤ ሲያስብ ከንፈሩን ይነክሳል። ከየትኛውም ወር ውስጥ ቢፈልግ አላገኘውም። ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና ወደ እኔ ዞረ። "እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ከእኔ ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ደነገጥኩ፤ መደንገጤን እንዳያይ በመስኮት ወደ ጠባቂው አየሁ።

"አልፈልግም" አልኩት። አልበቃኝም። "የመጀመሪያው ወር ላይ፣ ቤት የተዘጋብን ጊዜ፣ ይችኑ ጥያቄ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ እሄድ ነበር። ሱቁም ይቅር፣ ቤቱም ይቅር ብዬ እሄድ ነበር።"

እውነቴን ነው። ግን እውነት ስለሆነ አይደለም የነገርኩት። እንዲያመው ብዬ ነው። አመመው፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገው ጀመር፤ መስታወቱ ከጠራ በኋላም ይጠርገዋል። ደስ አለኝ። ከዚያ ጠበቅኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በመስኮት እያየሁ፣ ጠበቅኩ።

መነጽሩን አደረገ፤ መኪናውን አስነሣ። መውጫው ላይ ቲኬቱን ሲያስገባ፣ ሦስት መብራት ላይ ስንቆም፣ ሰፈራችን ስንገባ፣ በራችን ላይ ሪሞቱን ሲጫን ሁሉ ጠበቅኩ። በሚቀጥለው ወር፣ ቤቱ ሳይሸጥ፣ ጡረታውን ብቻ ይዞ፣ ብቻውን ሄደ። እንጀራ እንኳ ለሚበላ ሰው "በሞቴ" እየተባለ ሦስቴ ይለመናል፤ በመጀመሪያው "ጠግቤያለሁ" ገበታ የሚያነሣ ሰው በአገራችን የለም። እኔን አንድ ጊዜ ጠየቀኝ።